ተጫዋች የነበረ ሰው አሰልጣኝ ሲሆን፣ የራግቢዎቹ መንገድ እንዴት ነው?

የሐይቅ ልጅ (ሀዋሳ)፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። እዚህ ራግቢ የምታዩ ሰዎች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው ጥያቄዬን ይዤ የመጣሁት። ታናሽ ወንድሜ ኳስ ተጫዋች ነበር፣ ትልቅ ክለብ ባይደርስም ታች ሊግ ላይ ደህና ስም ነበረው፣ ጉልበቱ ተበላሽቶ አቆመ። አሁን የሰፈር ልጆች ቡድን አለ፣ ከ15 ዓመት በታች ናቸው፣ አሰልጥንልን ብለውታል። በጣም ደስ ብሎታል ግን ስለዝግጅት ሳነሳበት «ተጫውቼዋለሁ እኮ፣ ምን ይከብዳል» ነው መልሱ እና ይሄ ነገር አልዋጥልኝ ብሏል።

ራግቢ ያስለመደኝ ጓደኛዬ ነው፣ ዲኤስቲቪ አለው ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ቤት ተሰብስበን ሱፐርስፖርት ላይ እናያለን፣ መጀመሪያ ኳሱን በእጅ ወደፊት ማቀበል ክልክል ነው ግን ይዘህ ወደፊት ትሮጣለህ ሲሉኝ ጭራሽ አልገባኝም ነበር፣ አሁን ግን ሳላይ ቅዳሜ አያልፍም። እዛ ላይ ያየሁት ነገር አሰልጣኞቹ አብዛኞቹ የድሮ ተጫዋቾች ናቸው፣ ግን ጫማ በሰቀለ በማግስቱ ዋና አሰልጣኝ የሚሆን ብዙም አላይም። ሜዳ ዳር ቆመውም አይጮሁም፣ ላይ ትሪቡን ላይ ላፕቶፕ ከፍተው ነው የሚቀመጡት። እና ከተጫዋችነት ወደዛ ወንበር የሚደርሱት በምን በኩል ነው? ትልቅ ተጫዋች የነበረ ሁሉስ ለምን አይሳካለትም? ለወንድሜ የሚጠቅም ነገር ካለ በደንብ ጻፉልኝ፣ ቁጭ ብዬ አነብለታለሁ።

ኮርክ የኖረ፦

ወንድሜ ጥሩ ነገር ነው ያነሳኸው። እኔ አየርላንድ ኮርክ ከተማ ኖሬ ነው የተመለስኩት፣ እዛ ከተማ ውስጥ ስለ ራግቢ ወሬ ከተጀመረ የሮናን ኦጋራ ስም ሳይነሳ አያልቅም፣ ጥያቄህን ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ እሱ ነው ስለዚ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ኦጋራ 10 ቁጥር ነበር፣ ፍላይ ሀፍ የሚሉት፣ ጨዋታውን የሚመራው እሱ ነው ወደ ጎል የሚመታውም እሱ ነው። ለአየርላንድ 128 ጊዜ ተሰልፎ 1083 ነጥብ አስቆጥሯል። 2009 ላይ ካርዲፍ ከዌልስ ጋር ሲጫወቱ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ አካባቢ ሲቀረው ድሮፕ ጎል (ኳሱን መሬት አንጥሮ በእግር ወደ ጎል መምታት) መትቶ 17 ለ 15 አሸነፉ፣ በዛች ምት አየርላንድ ከ61 ዓመት በኋላ ግራንድ ስላም አገኘች (በስድስቱ ሀገሮች ውድድር አምስቱንም ጨዋታ ማሸነፍ ማለት ነው)። ከክለቡ ማንስተር ጋር ደግሞ 2006 እና 2008 የአውሮፓ ዋንጫ በልቷል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ሀገሩ ላይ የሚከለክለው አልነበረም።

እሱ ግን 2013 ላይ ጫማ ሰቅሎ ፓሪስ ሄደ። ራሲንግ የሚባል ክለብ ውስጥ ገባ፣ ያውም የምት አሰልጣኝ ሆኖ፣ ስራው ኳስ የሚመቱትን ማሰልጠን። እና እዛ ከሚያሰለጥናቸው አንዱ ማን ይመስልሃል፣ ጆናታን ሴክስተን። የአየርላንድን 10 ቁጥር ማሊያ ከኦጋራ ላይ የወሰደው ልጅ ማለት ነው! 2009 ላይ በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የሴክስተን ክለብ ሌንስተር ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ የጎል መስመር ኋላ መሬት ማስነካት) ሲያገባ ኦጋራ መሬት ላይ ወድቆ ሴክስተን ከላይ ሆኖ ፊቱ ላይ ጮሆበታል፣ ፎቶው እስካሁን ይዞራል። በዛው በ2013 ሴክስተንም ራሲንግ ፈረመና ሁለቱ አንድ ሜዳ ላይ ተገናኙ። አስበው እስቲ፣ ቦታህን የወሰደብህን ልጅ ልምምድ ካለቀ በኋላ ከጎኑ ቆመህ ምቱ እንዲስተካከል ትረዳዋለህ። ለኔ ኦጋራ አሰልጣኝ የሆነው እዛ ጋ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ስለራሱ ምት ማሰብ አቁሞ ስለሌላ ሰው ምት ማሰብ የጀመረ ቀን። ያውም በሰው ሀገር፣ በፈረንሳይኛ።

2016 ላይ ራሲንግ የፈረንሳይን ሊግ ፍጻሜ ባርሴሎና ካምፕ ኑ ሜዳ ላይ ከ99 ሺህ በላይ ሰው ፊት ቱሎንን 29 ለ 21 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ፣ አንድ ሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጥቶባቸው ነው። ከዛ በኋላስ ዋና አሰልጣኝ ሆነ? አልሆነም። 2018 ላይ ቤተሰቡን ይዞ ኒውዚላንድ ገባ፣ ክሩሴደርስ የሚባለው ክለብ ውስጥ አሁንም ረዳት፣ ስኮት ሮበርትሰን ስር፣ በ2018ም በ2019ም ሱፐር ራግቢን (እነ ኒውዚላንድ ያሉበት የክለቦች ውድድር) አሸነፉ። ከዛ ነው ላ ሮሼል ዋና አሰልጣኝ ሁንልን ብሎ የጠራው። ላ ሮሼል ፈረንሳይ ባህር ዳርቻ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ ክለቡ ትልቅ ዋንጫ በልቶ አያውቅም ነበር። 2021 ላይ ሁለት ፍጻሜ ደርሰው ሁለቱንም በቱሉዝ ተሸነፉ፣ ያን ዓመት ብዙ ሰው ይሄ ክለብ ከዚህ አያልፍም ብሎ ነበር። በ2022 ማርሴ ላይ ሌንስተርን 24 ለ 21፣ በ2023 ደብሊን ሌንስተር ሰፈር ድረስ ሄደው ገና በ12 ደቂቃ 17 ለ 0 ተመርተው 27 ለ 26። ሁለት የአውሮፓ ዋንጫ በተከታታይ። ችግር የለበትም አልልህም፣ ስሜታዊ ነው ከዳኞች ጋር ተጋጭቶ ፈረንሳይ ውስጥ ተቀጥቷል። ግን መንገዱን ተመልከተው፣ ከ2013 እስከ 2019 ድረስ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሰው ስር ሆኖ ነው የሰራው።

የአዳማው መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ አዳማ የስፖርት መምህር ነኝ። ኮርክ የኖረው ወንድማችን ጥሩ አድርጎ ጽፏል፣ እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ ልያዝ።

ማርቲን ጆንሰንን ውሰዱ። የእንግሊዝ ካፒቴን ሆኖ በ2003 የዓለም ዋንጫ ያነሳ ሰው ነው፣ ቁመናው ራሱ ያስፈራል፣ ሜዳ ላይ ሰው ሁሉ የሚከተለው መሪ። 2008 ላይ ምንም የአሰልጣኝነት ልምድ ሳይኖረው በቀጥታ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድንን ሰጡት። ምንም አልሰራም ማለት ግፍ ነው፣ 2011 ላይ የስድስቱን ሀገሮች ውድድር አሸንፏል። ግን በዛው ዓመት በዓለም ዋንጫው በሩብ ፍጻሜ በፈረንሳይ 19 ለ 12 ተሸንፈው ሲመለሱ ህዳር ላይ ስራውን ለቀቀ። ከዛ ወዲህ ወደ አሰልጣኝነት አልተመለሰም። እኔ ጆንሰንን አልወቅስም፣ የሚሳሳትበት ትንሽ ቦታ ሳይሰጡት ነው ትልቁን ያሸከሙት።

በሌላ በኩል ደግሞ ዋረን ጋትላንድ አለ። ሁከር ነበር፣ ስክረሙ (ስምንት ስምንት ሰው ተቆላልፎ የሚገፋፋበት) መሀል የሚገባው 2 ቁጥር፣ ግን በሱ ዘመን የኒውዚላንድን ቦታ የያዘው ሾን ፊትዝፓትሪክ ነበርና ጋትላንድ ከኦል ብላክስ (የኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን) ጋር ሀገር ለሀገር እየተጓዘ አንድም ቴስት ማች (ይፋዊ የብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ) ሳይጫወት ቀረ። ይሄው ሰው ነው ዌልስን ይዞ በ2008፣ በ2012 እና በ2019 ግራንድ ስላም ያገኘው። ኤዲ ጆንስም ሁከር ነበር፣ ለአውስትራሊያ ተሰልፎ አያውቅም፣ ሲድኒ ውስጥ መምህር ነበር፣ በ2015 የዓለም ዋንጫ ጃፓንን ይዞ ደቡብ አፍሪካን 34 ለ 32 ያሸነፈው እሱ ነው። ጆ ሽሚት አየርላንድን ከላይ ያደረሰው ሰውዬ እሱም መምህር። ወንበር ላይ ተቀምጦ ብዙ ያየ ሰው፣ ወይ ክፍል ውስጥ ቆሞ ያስተማረ ሰው፣ ነገሩን ከፋፍሎ ማስረዳት ለምዷል።

እኔ በየዓመቱ የማየው ነገር ነው። ጥሩ ተጫዋች የነበረ ልጅ ይመጣና ታዳጊዎችን ያሰለጥናል፣ «እንዲህ ነው» ይልና ራሱ ኳሱን ይመታዋል፣ ኳሱ ቆንጆ ሆኖ ይሄዳል፣ ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ ከዛ አንዱ ልጅ ሲሞክር ኳሱ ወደ ጎን ይወጣል። አሰልጣኙ «እንዲህ ነው ያልኩህ» ብሎ ደግሞ ራሱ ይመታል። ልጁ የቆመበት እግሩ ከኳሱ እንደራቀ፣ ደረቱ ወደኋላ እንደተኛ የሚነግረው ሰው የለም። ለእግሩ የሚቀለውን ነገር በአፉ መናገር አልተማረም። ወንድምህን አንድ ነገር ጠይቀው፣ የሚችለውን አንድ ነገር ሳያሳይ በቃል ብቻ ለአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ያስረዳው፣ ከቻለ እዛ ላይ ይጀምር።

ሎክ አምስት፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ በራግቢ ነገሩን የሚያቀለው አሰልጣኝነቱ ራሱ የተከፋፈለ መሆኑ ነው። 15 ተጫዋች ነው፣ 8 ፎርዋርድ (ፊት ሆነው የሚገፉት) 7 ባክ (ከኋላ ሆነው የሚሮጡት)፣ እና አንድ ትልቅ ቡድን የስክረም አሰልጣኝ አለው የላይንአውት (ኳስ ከመስመር ሲወጣ ተሰልፈው ወደ ላይ ዘለው የሚሻሙት) አለው የአጥቂ አለው የዲፌንስ አለው የምት አለው። ስለዚ ጫማ የሰቀለ ተጫዋች የሚገባበት ጠባብ በር አለ፣ በሚያውቃት አንድ ነገር ገብቶ ሌላውን ውስጥ ሆኖ ይማራል። ስቲቭ ቦርትዊክ ሎክ (በስክረም ሁለተኛው ረድፍ ላይ የሚገፋ) ነበር የእንግሊዝ ካፒቴን፣ ላይንአውት አንባቢ ነበር፣ ፎርዋርድ አሰልጣኝ ሆኖ ጃፓን ሄደ ከኤዲ ጆንስ ጋር፣ ከዛ እንግሊዝ፣ ከዛ የእንግሊዙን ክለብ ሌስተርን ይዞ 2022 ላይ ሊጉን በላ፣ ከዛ ነው የእንግሊዝ ዋና አሰልጣኝ የሆነው በ2023 የዓለም ዋንጫ ሶስተኛ ወጡ። ፖል ኦኮኔልም ሎክ ነበር ከ2021 ጀምሮ የአየርላንድ ፎርዋርድ አሰልጣኝ ነው። አንዲ ፋረል ደግሞ ራግቢ ሊግ ነው ያደገው፣ ያኛው 13 ሰው የሚጫወትበት፣ ዊገን ነበር፣ ወደ ዩኒየን (ይሄ የምናወራው የ15 ሰዉ ራግቢ) የመጣው 2005 ነው ለእንግሊዝ በዩኒየን 8 ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። ዲፌንስ አሰልጣኝ ሆኖ ብዙ ዓመት ሰራ፣ 2019 ላይ ከዓለም ዋንጫው በኋላ አየርላንድን ተረከበ፣ 2022 ኒውዚላንድን በሜዳዋ ሁለት ለአንድ አሸነፉ 2023 ግራንድ ስላም 2025 ደግሞ ላየንስን (የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የአየርላንድ ጥምር ቡድን) ይዞ አውስትራሊያን አሸነፈ።

ግን ኮርክ የኖረው ያልከውን ሁሉ አልቀበልም። ራሲ ኢራስመስስ? ደቡብ አፍሪካዊው፣ 36 ቴስት የተጫወተ ፍላንከር (በስክረሙ ጎን የሚሰለፍ)፣ እግሩን ተጎድቶ አቆመና 2004 ላይ እዛው የተጫወተበት ፍሪ ስቴት ቺታስን ያዘ፣ በማግስቱ ማለት ይቻላል፣ በ2005 ከሪ ካፕን በላ ክለቡ ከ1976 ወዲህ አግኝቶት አያውቅም ነበር። ስታዲየም ጣራ ላይ ሆኖ በቀለም መብራት ነበር ለተጫዋቾቹ ምልክት የሚሰጠው። ታዲያ የቱ ጋ ነው ስድስት ዓመት ረዳት የሆነው?

ኮርክ የኖረ፦

ልክ ነህ ኢራስመስ በቀጥታ ነው የገባው፣ ግን ከሪ ካፕ ሀገር ውስጥ ውድድር ነው እና የሚያውቀው ቤት ነው፣ ብሔራዊ ቡድኑን የተረከበው 2018 ነው። መሀሉን አስበው፣ ዌስተርን ፕሮቪንስ ሰራ ፌዴሬሽኑ ውስጥ ሰራ አየርላንድ መጥቶ ማንስተርን ያዘ። ሲመለስ ያገኘው ቡድን በ2017 በኒውዚላንድ 57 ለ 0 የተሸነፈ ቡድን ነው። ሲያ ኮሊሲን ካፒቴን አደረገው፣ የደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው ጥቁር ቴስት ካፒቴን፣ እና 2019 ዮኮሃማ ላይ እንግሊዝን 32 ለ 12 አሸነፉ። በምድብ ጨዋታ ተሸንፎ የዓለም ዋንጫ የበላ የመጀመሪያው ቡድን ናቸው። ስለዚ በቀጥታ ዋና አሰልጣኝ መሆን አይቻልም አላልኩም፣ የሚሳሳትበት ጊዜና ቦታ ማግኘት አለበት ነው የምለው። መምህር ስለ ጆንሰን የጻፉትም ይሄንኑ ነው።

ፊዚዮዋ (ሀዋሳ)፦

ሰላም፣ እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ኢራስመስ ከተነሳ አብሮት ይሰራ የነበረው ዣክ ኒናበር ፊዚዮ እንደነበር ልንገራችሁ፣ ፕሮፌሽናል ተጫዋች አልነበረም። ከፊዚዮነት ወደ አካል ብቃት ከዛ ወደ ዲፌንስ አሰልጣኝነት ሄደ፣ በ2023 ደቡብ አፍሪካ ኒውዚላንድን ፓሪስ ላይ 12 ለ 11 ስታሸንፍ ዋና አሰልጣኙ እሱ ነበር። የተጫዋች አካል ላይ ለዓመታት እጁን ያሳረፈ ሰው ማን እንደደከመ ማን እንደፈራ ያውቃል፣ ይሄን በሙያዬ ስለማየው በጣም ነው የምኮራበት።

ሌላው ግን ስለ ወንድምህ ጉልበት ነው የምጽፈው። የቆሙ ተጫዋቾች አሰልጣኝ ሲሆኑ የሚያደርጉት ነገር አለ፣ ልምምዱን ሁሉ ራሳቸው እየሰሩ ማሳየት፣ ከልጆቹ ጋር ግጥሚያ መግባት። ጅማቱ የተጎዳ ጉልበት ዝም ብሎ ሲሄድ ደህና ይመስላል፣ ድንገት ሲዞሩበት ግን ይከዳል፣ አብጦ ካደረ ደግሞ ማለዳ ደረጃ መውረድ ያቅታል። ከልጆቹ መሀል አንዱን መርጦ በሱ ያሳይ። የጭን ጡንቻውን ማጠንከሪያ እንቅስቃሴም አያቋርጥ፣ መጫወት ስላቆመ ህክምናው አለቀ ማለት አይደለም።

ስለ ጭንቅላት ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ2003 ከጆንሰን ጋር ዋንጫ ያነሳው ሁከር ስቲቭ ቶምሰን ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ የመርሳት በሽታ እንዳለበት ተነግሮት ያን ፍጻሜ መጫወቱን እንደማያስታውስ ለህዝብ ተናግሯል። በራግቢ አሁን ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ተጠርጥሮ ከሜዳ ይወጣና ይመረመራል። እኛ ጋ ልጅ በቴስታ ተጋጭቶ ሲወድቅ ውሃ አፍስሰውበት «ተነስ ምንም አልሆንክም» ይሉታል፣ እባካችሁ አሰልጣኞች ይሄን ተዉት። ራሱን የሳተ፣ የደነገዘ፣ ያስመለሰው ልጅ ያን ቀን ዳግም ሜዳ አይገባም፣ ሐኪም ቤት ነው የሚሄደው።

ናይሮቢ ነበርኩ፦

ሁላችሁም አውሮፓና ኒውዚላንድ ነው የሄዳችሁት፣ ጎረቤታችን ኬንያ እኮ አለ! ቤንጃሚን አዪምባ የሚባል ሰው ነበር፣ 8 ቁጥር የተጫወተ የኬንያ ካፒቴን። ከዛ የሰባት ሰዉን ቡድን ሹጃዎችን አሰልጥኖ በ2009 ዱባይ ላይ በሰቨንስ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ አደረሳቸው። ወጣ፣ ተመለሰ፣ በ2016 ሲንጋፖር ላይ ፍጻሜ ፊጂን 30 ለ 7፣ ፊጂን! ሰቨንስ ማለት ለፊጂዎች ምን ማለት እንደሆነ የሚያይ ሰው ያውቃል፣ በዛው ዓመት ሪዮ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰዱት እነሱ ናቸው። ኬንያ በዓለም ሰቨንስ ሲሪስ ዋንጫ ስታነሳ የመጀመሪያዋ ነበር። ናይሮቢ ውስጥ የራግቢ ሰው ስለ አዪምባ ሲያወራ ድምፁ ይቀየራል፣ 2021 ላይ በወባ ታሞ ነው ያረፈው፣ ገና ወጣት ነበር ነፍሱን ይማር። ኬንያ ውስጥ ራግቢው የቆመው በትምህርት ቤቶችና በክለቦች ነው፣ ከዛ ያደገ ልጅ ተጫውቶ ሲጨርስ መልሶ እዛው ያሰለጥናል። እኛ ጋ የሚጎድለን ያ ነው ብዬ ነው የማስበው፣ ራግቢው ሳይሆን መልሶ የሚገባበት ቤት።

የሐይቅ ልጅ (ሀዋሳ)፦

በጣም ነው የማመሰግናችሁ፣ ፊዚዮዋ እህቴ በተለይ ያንቺን ሁለቴ አነበብኩለት ዝም ብሎ ሰማኝ። ስለ ሴክስተን ሲሰማ ግን «እኔ አላደርገውም ነበር» ነው ያለው። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ወረቀቱስ? ኮርስ ምናምን ያስፈልገዋል ወይስ ልምድ ይበቃል? ደሞ የኛ ሀገር ምሳሌ ካላችሁ።

የአዳማው መምህር፦

ወረቀት ያስፈልገዋል፣ በእግር ኳስ ካፍ ዲ ላይሰንስ ብሎ ነው የሚጀምረው ከዛ ሲ ቢ ኤ እያለ ይወጣል፣ ኮርስ መቼ እንደሚከፈት ፌዴሬሽን ሄዶ ይጠይቅ። ስለ ጭንቅላት ጉዳትና ስለመጀመሪያ እርዳታ ደግሞ ወርልድ ራግቢ ድረ ገጹ ላይ በነጻ የሚሰጣቸው ኮርሶች አሉ፣ ራግቢ ባያሰለጥንም ይጠቅሙታል፣ እንግሊዝኛው ከከበደው አንተ ቁጭ በልና አብረኸው ሥራ።

የኛ ሀገር ምሳሌ ካልክ ከአቶ ይድነቃቸው ተሰማ በላይ ማንን ልጥራልህ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወቱ፣ በፈረንጆች 1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫ ስንወስድ ቡድኑን የመሩት እሳቸው ናቸው፣ በኋላ ከ1972 እስከ 1987 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዛው ፍጻሜ ላይ ጎል ያገባው መንግሥቱ ወርቁም በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን አሰልጥኗል። ሀዋሳ ከሆንክ ደግሞ ሀዋሳ ከነማ ሁለት ጊዜ ሊጉን የበላ ክለብ ነው፣ በነዛ ዓመታት የተጫወቱ ሰዎች ከተማው ውስጥ አይጠፉም፣ አሁን ታዳጊ የሚያሰለጥን ካለ ፈልጎ ያግኝና ከዋናው በፊት ለጥቂት ጊዜ ረዳት ሆኖ ኮን ይደርድር፣ ምን ብሎ እንደሚያርም ቆሞ ይስማ።

ሎክ አምስት፦

መምህር ትክክል ነዎት። እኔ የምጨምረው የሰፈሩን ቡድን የሰጡት ሰዎች አብሮት አንድ ሰው ይስጡት፣ ብቻውን ግብ ጠባቂም ተከላካይም አጥቂም አካል ብቃትም እንዲያሰለጥን አያድርጉት። እኛ ጋ ሁሉን ላንድ ሰው አሸክመው አምስት ጨዋታ ሲሸነፍ አሰናብተው ሌላ ያመጣሉ፣ ታዳጊ ላይ ሳይቀር።

ኮርክ የኖረ፦

ወንድምህ ሴክስተንን መርዳቱን «እኔ አላደርገውም ነበር» ካለ ያንን ፍጻሜ አሳየው፣ የ2023ቱን፣ ደብሊን ላይ። ሴክስተን ያን ቀን በጉዳት አልተሰለፈም እንጂ ክለቡ ነው። ከ12ኛው ደቂቃ ጀምራችሁ እዩት፣ 17 ለ 0 ሲሆን። ላ ሮሼሎች ምንም አዲስ ነገር አይሞክሩም፣ ኳሱን በትልልቆቹ ሰዎቻቸው እየያዙ ሌንስተር ላይ እየከበዱ አንድ በአንድ ነው የሚመለሱት፣ 72ኛው ደቂቃ አካባቢ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመሩት። ሀይላይት እንዳታዩ፣ ሙሉውን ፈልጉት፣ በሀይላይት ትራዮቹ ብቻ ናቸው ያሉት፣ መሀሉን ይቆርጡታል።